ሽበቴን ለልጄ ሒሳብ ያዋስኩበት ሳምንት

ደብረ ብርሃን ውስጥ "መምህር ጌታሁን ጡረታ ወጥቶ ቆላ ለቀን ሥራ ወረደ" የሚል ወሬ እንዳለ ሰምቻለሁ። ወሬው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይደለም፤ አካፋ ጨብጫለሁ፣ መዳፌም ውሃ ቋጥሯል። ሌላ ሰው እያጣመመ ከሚነግራችሁ ግን እኔው ከመነሻው እስከ መድረሻው ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ። መቂን የማየት ዕድል የማይገጥማችሁም በዚሁ ታዩታላችሁ።

አስቀድሜ ልጄን ላስተዋውቅ። ትርሲት አዳማ ውስጥ ለሦስተኛ ዲግሪዋ የኮምፒውተር ሳይንስ ታጠናለች። ይህን ከተናገርኩበት ቀን ጀምሮ ሰፈራችን ውስጥ የማይበላሽ ዕቃ የለም። ባለፈው ፋሲካ ልትጠይቀን ስትመጣ አንዷ ጎረቤት ቴሌቪዥን፣ ሌላዋ ካውያ ተሸክመው መጥተዋል። የልጅቷ ትምህርት ግን ካውያ ቀርቶ ኮምፒውተርም ብዙ አያስነካም። በጠመኔና በወረቀት የሚሠራ ንድፈ ሐሳብ ነው። ትውስታቸው ጥቂት የሆነ፣ ከአጠገባቸው ያለውን ብቻ የሚያዩ ፍጥረታት፣ ጉንዳንም ይሁን ሰው፣ እንዴት ተባብረው ይኖራሉ? ከትውልድ ወደ ትውልድ የትኛው ጠባይ ይተርፋል፣ የትኛውስ ይጠፋል? ይህን በሒሳብ ማረጋገጥ ነው ሥራዋ። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር እንዲህ ያለ ነገር በሒሳብ እንደሚጠየቅ አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ደወለች። "አባዬ፣ ሽበትህ ያስፈልገኛል" አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የመመረቂያ ጽሑፏን ዓርብ በፈታኞች ፊት እንድታቀርብ ቀጠሮ ተይዞላታል። አንዱ ምዕራፏ መቂ አጠገብ በመስኖ ውሃ የሚጋሩ ገበሬዎችን ይመለከታል። ሄዳ ብትጠይቃቸው "ሰላም ነው" ብለው ሸኝተዋታል። የውሃ ጠብን ለልጅ እግር ማን ያወራል? ሽማግሌ ለሽማግሌ ግን ይነጋገር ይሆናል ብላ አሰበች። የእኔ ሽበት ለሳይንስ ይጠቅማል ተብሎ ስለማያውቅ እምቢ ለማለት አቅም አልነበረኝም።

ሰኞ

ማለዳ ደጃፌ ላይ ውርጭ ነበር። ሹራብ ለብሼ፣ ኮት ደርቤ፣ ጋቢ ጣል አድርጌ ተሳፈርኩ። አዲስ አበባ ላምበረት ወርጄ፣ እስከ ቃሊቲ ተጋፍቼ፣ የአዳማ ሚኒባስ ያዝኩ። ፈጣን መንገዱ ላይ ስንገባ ጋቢውን አወለቅሁ፤ ሞጆ ስንደርስ ኮቱን፤ አዳማ መግቢያ ላይ ደግሞ ሹራቡን። አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት "ጋሼ፣ ሸሚዙ እንኳ ይቅር" ብላ ሚኒባሱን በሙሉ አሳቀችብኝ። ከተማው ሳይደርሱ ኮረብታው ላይ ነፋስ የሚያዞራቸው ትልልቅ ነጫጭ ክንፎች ቆመዋል። እኛ ጋ ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል፤ እነሱ መብራት ያወጡበታል።

ትርሲት ፔንሲዮን ይዛልኝ ነበር። አልጋው ንጹሕ ነው፣ አጎበር አለው፣ ጣሪያው ላይ ማራገቢያ ይዞራል። አንሶላውን ገልጬ ባይ ከሥሩ ምንም የለም። እንግዳ ተቀባይዋ ጋ ወርጄ "የእኔ ልጅ፣ ብርድ ልብስ ረስታችኋል" አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና ግንባሬን በእጇ ጀርባ ልትነካ ቃጣት።

"ጋሼ፣ ወባ ነው እንዴ? ሐኪም ልጥራልዎት?" አለች።

የብርድ ልብስ አገር ሰው መሆኔን ማስረዳት ነበረብኝ። የኋላ ኋላ ከራሷ ቤት አንድ ቀጭን ፎጣ አምጥታ ሰጠችኝ፤ ደግነቷን ላለማስቀየም ለብሼው በላብ ተጠምቄ አደርኩ።

አመሻሹ ላይ ራት ስንበላ ትርሲት ከአስተናጋጁ አሥራ ሁለት ቆርኪ ለምና ጠረጴዛው ላይ ክብ ሠራች።

"እነዚህ አሥራ ሁለት ገበሬዎች ናቸው። አንድ የውሃ መሳቢያ ሞተር፣ አንድ ቦይ አላቸው፤ ውሃ በተራ ይደርሳቸዋል። እያንዳንዱ የሚያየው ጎረቤቱን ብቻ ነው፤ የሚያስታውሰውም ያለፈውን ተራ ብቻ። ተራዬን ካከበርክልኝ አከብርልሃለሁ፣ ከወሰድክብኝ እወስድብሃለሁ።"

"ፍትሕ ነው" አልኳት።

"ፍትሕ ነው፤ ማንም እስካልተሳሳተ ድረስ።" አንዱን ቆርኪ ገለበጠች። "ይኼ ሰው ሳያውቅ የጎረቤቱን ውሃ ወሰደ። ጎረቤቱ በሚቀጥለው ተራ ብድሩን ይመልሳል። ያኛውም ያንን በደል ቆጥሮ ይመልሳል። ሌላው ያያል…" ቆርኪዎቹ ተራ በተራ ተገለበጡ። "አይቆምም አባዬ። አረጋግጬዋለሁ። እንዲህ ያለ ማኅበር መፍረስ አለበት።"

"የመቂዎቹስ?"

"ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። አልፈረሱም።"

አማካሪዋ ዶክተር ሌንሳ የምትባል ሴት ናት። ጽሑፉን አንብባ "ወይ ሒሳብሽ ተሳስቷል፣ ወይ ገበሬዎቹ ያልነገሩሽ ነገር አለ፤ ጠብ የማይኖረው ሰው በሌለበት ብቻ ነው" ብላታለች። መልሱ እስከ ዓርብ ካልተገኘ ምዕራፉ ይወድቃል። ከውጭ የሚመጣው ፈታኝ ደግሞ በዚህ ዓመት ተመልሶ ስለማይመጣ የልጄ ምረቃ አንድ ዓመት ይገፋል። ይህን ስትነግረኝ ቆርኪዎቹን ወደ ቦታቸው እየመለሰች ነበር።

ማክሰኞ

ወደ መቂ የያዝነው ሚኒባስ ቆቃን አልፎ ዓለም ጤና መግቢያ ላይ ጎማው ተነፈሰ። ተጠባባቂ ጎማው ደግሞ ከፈነዳው የባሰ ነው። እኛ አገር እንዲህ ሲሆን ተሳፋሪው ጋቢውን ተከናንቦ ሹፌሩን ይራገማል። እዚህ ግን ሁሉም ወርዶ መንገድ ዳር ያለው የሽንኩርት ክምር ጥላ ሥር ተቀመጠ፤ ባለ ሽንኩርቷ ኩርሲዋን ለእኔ ለቀቀችልኝ። በአማርኛ ጀምራ በኦሮምኛ የምትጨርስ ጨዋታ አዋቂ ናት። ልጄ ምን እንደምትሠራ ጠየቀችኝና ስነግራት ከጉያዋ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ አወጣች። ትርሲት ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተቀበለቻት፤ አጥፍታ ብታበራው ሠራ። ከዚያ ወዲያ ሳይንስ አያስፈልግም ብሎ የሚከራከር ሰው ዓለም ጤና ላይ አልገጠመኝም።

መቂ ቀትር ላይ ደረስን። ከተማዋ ራሷ ሽንኩርት ሽንኩርት ትሸታለች። አይሱዙዎች ተደርድረው ደላላ ይጮሃል፣ ጆንያ ይወረወራል፣ ባጃጅና ጋሪ እየተሽሎከለኩ ያልፋሉ። በባጃጅ ወደ ማሳው ወጣን። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ገመቹ እኩያዬ የሚሆኑ ረዥም ሰው ናቸው። ከሩቅ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"አካም ጅርቱ! በጋ ነጋን ዱፍተን! እንኳን ደህና መጣችሁ! ልጅቷ አባቷን ይዛ መጣች?" አሉና ትከሻ ለትከሻ ተሳሳምን።

ባለቤታቸው አደ ጫልቱ እርጎ በትልቅ ኩባያ ሞልተው አቀረቡልኝ። እስክጨርስ ቆመው ጠበቁኝ፤ ስጨርስ ሌላ ሞሉ። እኛ ጋ እንግዳ "በቃኝ" ሲል ሦስት ጊዜ ይለመናል፤ እዚህ ልመናውን ትተው በቀጥታ ይሞላሉ። ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ወደ ጉዳዬ ገባሁ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ነዳጅ፣ ስለ ጉልበቴ ሕመም አወራን። በመጨረሻ ጉሮሮዬን ጠራርጌ "ኦቦ ገመቹ፣ እንደው በውሃ ተራ የተነሳ ጠብ አይጠፋም፤ አጥፊውን ምን ብላችሁ ትቀጡታላችሁ?" አልኩ።

"እኛ ሰው አንቀጣም መምህር። ሰላም ነው።"

ጥያቄውን ገልብጬ፣ አዙሬ፣ ከጎን መጥቼ ጠየቅሁ። ሰላም ነው። ሽበቴ ከእሳቸው ሽበት ጋር ተገናኝቶ ተሸነፈ። ትርሲት ደብተሯን ዘጋች። ወደ ከተማ ሄደን ሆቴል ልንይዝ ስንነሳ ኦቦ ገመቹ ሻንጣዬን ነጥቀው ወደ ቤት አስገቡት፤ ከሰው ደጅ ደርሶ ሆቴል ማደር ስድብ ነው አሉ። ለትርሲት ከሴት ልጃቸው ጋር፣ ለእኔ በራሳቸው አልጋ ላይ መኝታ ተሰናዳ። እሳቸው የት እንዳደሩ እስከዛሬ አልነገሩኝም።

ረቡዕ

ከዚህ በታች ያለውን ስጽፍ አሁንም ፊቴ ይቀላል።

ጠዋት ትርሲት ከኦቦ ገመቹ ጋር የቦዩን ርዝመት ስትለካ እኔ ብቻዬን በማሳዎቹ መሃል እየተንሸራሸርኩ ነበር። የሽንኩርቱ አረንጓዴ ዓይን ይሞላል። አንዱ ማሳ ላይ ስደርስ ውሃ ተኝቷል። ትልሙ ሁሉ ሞልቶ ፀሐይ ያብለጨልጭበታል። እኔ መረሬ አፈር ላይ ያደግሁ ሰው ነኝ። እኛ ጋ ውሃ ማሳ ላይ ከተኛ ባቄላው ይበሰብሳል፤ አባቴ "ውሃ ተኝቶ ካየህ የማንም ማሳ ይሁን ቀድደህ አፍስስለት፣ ጽድቅ ነው" እያለ ነው ያሳደገኝ። ግራ ቀኝ ባይ ሰው የለም። ጫማዬን አወለቅሁ፣ ሱሪዬን ጠቀለልኩ፣ ጠርዙን በተረከዜ መትቼ ቀደድኩት። ውሃው እየተንደረደረ ወጣ። እንደዚያ ጠዋት ደግ ሰው የሆንኩ መስሎ ተሰምቶኝ አያውቅም።

ከሞተሩ በኩል አንድ ጎልማሳ እየሮጠ መጣ። ከድር ይባላል፤ ማሳው የእሱ ነው፣ ተራውም የእሱ። ሌሊቱን ሙሉ ተራ ጠብቆ ያስገባውን ውሃ ነው ያፈሰስኩበት። ውሃው ደግሞ አጠገቡ ወዳለው፣ ሊለቀም ወደ ደረሰ የሌላ ሰው ቲማቲም ገብቷል። ከድር ቀዳዳውን በእጁ ጭቃ ደፈነ። ቀና ሲል ፊቱ ጠቁሯል። ሊጮህብኝ ነው ብዬ ራሴን አዘጋጀሁ። እሱ ግን ቦዩ ዳር ካለው ግራር ሥር ሄዶ እዚያ ተደግፎ የቆመ አካፋ አነሳና አመጣልኝ።

"ይያዙት መምህር" አለ።

ኦቦ ገመቹና ትርሲት እየሮጡ ደረሱ። ትርሲት አፏን በእጇ ያዘች። ኦቦ ገመቹ በኦሮምኛ ተቆጡ፤ ከዚያ ለእኔ ብለው ወደ አማርኛ መለሱት። "እንግዳ ነው! ሽማግሌ ነው! አካፋ ለእንግዳ ይሰጣል እንዴ?"

"ውሃው እንግዳ ነው ብሎ ቆመለት?" አለ ከድር፤ ድምፁን ግን ከፍ አላደረገም። "እሳቸው ካልያዙት እኔ ምን ላድርግ? የማንን ውሃ ልውሰድ?"

እኔ የመምህርነት ኩራት አለኝ፤ ተማሪ ሳጠፋ ያየኝ መሰለኝ። አካፋውን ተቀበልኩ። "ጥፋቱ የእኔ ነው። ምን ልሥራ?" አልኩ።

ኦቦ ገመቹ ረዥም ትንፋሽ ተንፍሰው አስረዱኝ። የሰው ተራ ያበላሸ፣ አውቆም ይሁን ሳያውቅ፣ አካፋውን ይይዛል። አንድ ሙሉ ዙር ለአሥራ ሁለቱም እየዞረ ቦይ ይከፍታል፣ ይዘጋል። የተበደለው ሰው በራሱ እጅ አይመልስም። አካፋው በሰው እጅ መሆኑን ያየ ሁሉ ነገሩ ተይዟል ብሎ ያልፋል። ዙሩ ሲያልቅ አካፋው ግራሩ ሥር ይመለሳል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ጥፋት ማንሳት ነውር ነው።

"ትናንት ስጠይቅዎ ቅጣት የለም አሉኝ እኮ!" አልኩ።

"የታለ ቅጣቱ? ሥራ ነው እንጂ። ቅጣት ሰው ያስኮርፋል።"

ትርሲትን ዞር ብዬ ሳያት ጭቃው ላይ ቁጭ ብላ ትጽፋለች። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። "አባዬ፣ እኔ ሰዎቹ ምን እንደሚያስታውሱ ነበር የምፈልገው። የሚያስታውሰው ሰው አይደለም፤ አካፋው ነው! ማን እንደበደለ፣ ለምን እንደበደለ ማንም በአእምሮው መያዝ የለበትም። ቀና ብሎ አካፋውን ማየት ይበቃዋል። ያኔ ቆርኪዎቹ አይገለበጡም።"

"ይህን ሥርዓት ማን አወጣው?" ብላ ኦቦ ገመቹን ጠየቀቻቸው።

"ማንም። ከእኛ በላይ ያሉት ማኅበሮች ያዙት፣ እኛ አይተን ወሰድን፣ ከእኛ በታች ያሉት ከእኛ ወሰዱ። ያልወሰዱት ሞተራቸውን ሸጠው ተበተኑ።"

"ዝግመተ ለውጥ ማለት እኮ ይኸው ነው" አለችኝ፤ "ማንም ሳያቅደው፣ የሚያዋጣው ጠባይ እየተቀዳ ይተርፋል።" ይህን ስትል ከወገብ በታች ጭቃ ነበረች፤ እኔም እንደዚያው። ሁለታችንም ለመሳቅ ጊዜ አልነበረንም፤ እኔን የመጀመሪያው ሰው ቦይ ይጠብቀኛል።

ምሳ አደ ጫልቱ ማሳ ድረስ ይዘውልኝ መጡ። ሲከፍቱት የቲማቲም ስልስና ሽሮ ነው፤ ቅቤ የለበትም። እሳቸው ቤት ረቡዕ አይጾምም። የአንገቴን ማተብ ማክሰኞ አይተው፣ ሌላ ድስት ጥደው ለብቻ ሠርተውልኝ ነው። ሳህኑን ጠርጌ በላሁላቸው።

ሐሙስ

አካፋ የያዘ ሰው እንዲህ እንደሚከበር ማን ያውቃል? የሚያልፈው ሁሉ "አይዞት መምህር" ይለኛል። አንዷ ሸንኮራ ቆርጣ ሰጠችኝ፣ ሌላው ባርኔጣውን አዋሰኝ። ከድር ራሱ መጥቶ አካፋውን እንዴት ዝቅ አድርጌ ብይዘው ወገቤን እንደማያመኝ አሳየኝ፤ የትናንቱ ፊት የለም። እኛ ጋ የተሳሳተን ሰው እስከ ልጅ ልጁ ድረስ ስም እናወጣለታለን። እዚህ አሥራ ሁለተኛውን ቦይ ዘግቼ አካፋውን ግራሩ ሥር ሳቆም አጨበጨቡልኝ፤ በቃ፣ አለቀ።

ትርሲት ግን ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ ግንባሯን ቋጥራለች። ማረጋገጫዋ ሠምሯል፤ ጫፉ ላይ አንድ ሌላ ነገር ብቅ ብሏል። አካፋው አንድ ነው። በአንድ ዙር ሁለት ሰዎች ቢሳሳቱስ? አንዱ ይይዛል፤ ሁለተኛው ባዶ እጁን ነው። በሁለተኛው የተበደለው ሰው ቀና ሲል አካፋ አያይም፤ ስለዚህ በራሱ እጅ ይመልሳል። ከዚያ ወዲያ ቆርኪዎቹ መገልበጥ ይጀምራሉ።

"ኦቦ ገመቹ፣ በአንድ ዙር ሁለት ሰው ተሳስቶ ያውቃል?" አለች።

እሳቸው ወደ ሞተሩ አዩ። ከድር መሬት መሬት አየ። "የለም። ሰላም ነው" አሉ ኦቦ ገመቹ።

ለዶክተር ሌንሳ ደወለች። አካፋውን ስትሰማ አማካሪዋ ስልኩ ውስጥ እልል አለች። ስለ መጨረሻው ክፍል ግን "ሆኖ የማያውቅ ነገር ከሆነ አውጪው። ፈታኙ እዚያ ላይ ነው የሚይዝሽ" ብላ መከረቻት። እኔም ፈርቼ አውጪው አልኳት።

"ሒሳቡ ወጥቷል አባዬ። የማልወደውን መስመር ልሰርዝ?"

ወደ አዳማ የተመለስነው ሽንኩርት በጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ነው፤ አደ ጫልቱ አንድ ጆንያ ሽንኩርት፣ ከድር አንድ ሣጥን ቲማቲም አሸክመውናል። ቲማቲሙ ያ ውሃ የገባበት እንዳልሆነ ከድር ምሎ ነገረኝ። ስንሰነባበት ኦቦ ገመቹን ነገ ይምጡ ብዬ ለመንኳቸው፤ ጭነት አለብኝ ብለው እጄን ጨብጠው ቀሩ።

ዓርብ

አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ሰሌዳው ግን ግድግዳውን ሙሉ ይሸፍናል። ሦስት ፈታኞች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ልትጀምር ስትል በሩ ተከፈተና ኦቦ ገመቹ ጥቁር ኮት ለብሰው፣ ከድር ተከትሏቸው ገቡ። ሽንኩርታቸውን ለሌላ ሰው አደራ ብለው ነው የመጡት። ከጎኔ ተቀመጡ።

ልጄ ጠመኔ አነሳች። የመጀመሪያውን የሰሌዳ ክፍል እኔም ተከትያታለሁ። ሁለተኛውን እያላበኝ ደረስኩበት። ሦስተኛው ላይ ጥላኝ ሄደች። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የቤት ሥራዋን ያረምኩላት ልጅ እኔ የማልደርስበት ቦታ ላይ ቆማ ትጽፋለች። ኩራት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ የንስሐ አባቴ ሲጠይቁኝ እናዘዛለሁ። ያን ሰዓት ግን ኮርቻለሁ፣ አሁንም ኮርቻለሁ።

ከውጭ የመጣው ፈታኝ መነጽሩን አወለቀ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ እንደዚያ ያለው ነው የሚያስፈራው። "አካፋው ግሩም ነው። የመጨረሻው ውጤትሽ ግን፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ዙር ከተሳሳቱ ማኅበሩ ይፈርሳል የሚለው፣ ማስረጃው የታለ?"

"የለኝም" አለች። "ጠይቄ ነበር፤ ሆኖ አያውቅም ተብያለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተውሽውም?"

"ሒሳቡ ስለሚለው። ካልሆነም ገና አልሆነም ማለት ነው እንጂ አይሆንም ማለት አይደለም።"

ፈታኙ እስክሪብቶውን አነሳ። ዶክተር ሌንሳ አንገቷን ደፋች። እኔ የወንበሩን ጠርዝ ይዣለሁ፤ ከጎኔ ግን ወንበር ተንቋቋ። ኦቦ ገመቹ ቆመዋል።

"ሆኗል" አሉ።

ሁሉም ዞረ። ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"በሦስተኛው ዓመታችን ነው። እኔና ታናሽ ወንድሜ፣ በአንድ ዙር፣ ሁለታችንም የሰው ተራ አበላሸን። አካፋው አንድ ነው። እኔ ልያዝ፣ እኔ ልያዝ ተባባልን። እኔ ታላቅ ነኝ ብዬ ያዝኩት። እሱ ባዶ እጁን ቆመ፤ የተበደለው ሰው ውሃውን ዘጋበት፣ እሱም በሌላው ላይ ዘጋ። ቲማቲም በሙሉ ደረቀ። ወንድሜ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ባቱ ከተማ ገባ። እኛ በስንት ሽምግልና እንደገና ተሰበሰብን፤ እሱ አልተመለሰም። ስምንት ዓመት ሆነው።" ወደ ትርሲት ዞሩ። "ለእንግዳ አይነገርም፤ ነውራችን ነው። ከድርም አልተናገረም፣ ልጆቼም በደንብ አያውቁትም። ላንቺ ማን ነገረሽ?"

"ማንም አልነገረኝም አባባ" አለች ትርሲት፤ ድምጿ ተሰብሯል። ሰሌዳውን አሳየቻቸው። "ከዚህ ነው የወጣው።"

ኦቦ ገመቹ ያን ሁሉ ቁጥርና ፊደል ረዥም ጊዜ አዩት። "ዱጋዳ። እውነት ነው" አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለውም "እና ጥፋቱ የወንድሜ ነው ወይስ የእኔ?" ብለው ጠየቁ።

"የማናችሁም አይደለም" አለች ልጄ። "አካፋው አንድ ስለነበረ ነው። ሁለት ቢሆን ኖሮ ሁለታችሁም ይዛችሁ ዙሩ ባለቀ ነበር።"

ፈታኙ መነጽሩን መልሶ አደረገ። ሌላ ጥያቄ የለኝም አለ። ውጤቱ እስኪነገር ኮሪደር ላይ ቆመን ጠበቅን፤ አለፈች ሲባልም ከድር ሞቅ አድርጎ አጨበጨበ፣ ዶክተር ሌንሳ ልጄን አቅፋ አሽከረከረቻት፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ተማሪ አስመርቄ አንድ ቀን አልቅሼ አላውቅም።

ከሰዓት በኋላ መናኸሪያ ድረስ ሸኘናቸው። በመንገዳችን ኦቦ ገመቹ ከአንድ የብረታ ብረት ሱቅ ገብተው አካፋ መረጡ፤ እጀታውን እየዳሰሱ፣ ስለቱን በጥፍራቸው እየነኩ ብዙ ቆዩ። መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱ አንዱ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጫነላቸው። ከድር የመቂን ሚኒባስ ተሳፍሮ ከመስኮት እጁን ሲያወዛውዝ እሳቸው የሌላ ሚኒባስ በር ላይ ቆመው ነበር። ተሳስተው መስሎኝ ጠራኋቸው።

"ኦቦ ገመቹ፣ ይኼኛው እኮ መቂን አልፎ ይሄዳል፤ የባቱ ነው!"

"አውቃለሁ መምህር" አሉኝና ገብተው ከሹፌሩ ኋላ ተቀመጡ።